ለድሮ ሸክላዎች የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ማጫወቻ የትኛው ነው?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እስቲ እህታችሁን ምከሩኝ። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ልብሷን ቀንሳ አንድ ካርቶን ሸክላ ይዛ መጣች። አብዛኛው ትንንሹ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው) ነው። ጥላሁን አለ፣ ብዙነሽ አለች፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማህሙድ፣ ከታች ደግሞ ጥቂት ትልልቅ ኤልፒዎች። ግማሹ ሽፋን እንኳን የለውም፣ በጋዜጣ ነው የተጠቀለለው። አቧራውን አልነግራችሁም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ማጫወቻ እንደ ጉድ ነው ያለው፣ ግን የቱን እንደምይዝ ግራ ገብቶኛል። በጀቴ ስፒከሩንም ጨምሮ 350 ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ ንቅንቅ አልልም። አንድ ሱቅ ውስጥ ሻንጣ የሚመስል፣ ስፒከሩ አብሮት የተሠራ፣ 60 ዶላር የሚሸጥ አየሁ። እማዬ ቀለሙን ወዳዋለች። ጓደኛዬ ደግሞ "ከ500 ዶላር በታች ያለው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ነው" ብሎ ተስፋ አስቆረጠኝ።

የምፈልገውን ልንገራችሁ። እማዬ እኔ ሥራ ስውል ብቻዋን ልታጫውተው ይገባል፣ እጇ ደግሞ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኖቹን ገልብጬ ለወንድሞቼ በቴሌግራም መላክ እፈልጋለሁ። በኋላም አዲስ አበባ ይዛው ልትመለስ ትችላለች። ይሄን ሁሉ የሚችል አለ ወይስ ዝም ብዬ ዩቲዩብ ልክፈትላት?

ቀጥተኛው

ሻንጣውን እርሺው። ቀለሙ ያምራል፣ ሌላው ነገሩ ግን ለሸክላው ጠላት ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ጥሩ መርፌ ሸክላው ላይ የሚያርፈው በ2 ግራም አካባቢ ነው። ብዙዎቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናሉ፣ ክብደቱን የምታስተካክይበት ነገርም የላቸውም። መርፌውን የያዘው ክንድ ፕላስቲክ ነው። ስፒከሩ እዚያው ሳጥን ውስጥ ስላለ ድምፅ ስትጨምሪ መርፌውን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ይዘላል፣ ሰዉ ደግሞ ሸክላው ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። አዲስ ሸክላ ቢሆን ሌላ ትገዢያለሽ። የእማዬን ግን ከየት ታመጪዋለሽ?

ጓደኛሽን ጆሮ ዳባ ልበስ በይው። 500 ዶላር አያስፈልግም። አንቺ ላልሽው ነገር እኔ የምለው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ ነው። አዲሱ ከ150 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ነው። እማዬ ሸክላውን ታስቀምጣለች፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፣ ክንዱ ራሱ ተነስቶ ሄዶ ያርፋል፣ ሲጨርስም ራሱ ተመልሶ ይቆማል። እጇ መርፌውን መንካት የለበትም። ባለ 45 ሸክላ አንድ ገጹ ሦስት አራት ደቂቃ ስለሆነ ክንድ ማንሳትና ማውረዱ ማቆሚያ የለውም፣ በእጅ ከሆነ አንድ ቀን መርፌው ማምለጡ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ አሳያት። የሸክላውን ስፋት የምትመርጪበት ማብሪያ አለው፣ ትንሹ ወይም ትልቁ። ትንሽ ሸክላ አስቀምጣ ማብሪያውን ትልቁ ላይ ከረሳችው መርፌው ከሸክላው ውጪ ያርፋል። ከፍጥነቱ መምረጫ ጋር ሁለቱንም ባለ 45ው ላይ አድርገሽ ተያቸው።

ለመገልበጥ ደግሞ የዩኤስቢ ገመድ ያለው ዓይነቱ አለ፣ ሲገዙ ስሙን አይቶ መያዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሻል።

ስፒከር ከ100 እስከ 130 ዶላር ባለው ኤዲፋየር አር1280ቲን የመሰለ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ያዢ። በጀትሽ ውስጥ ገባሁልሽ።

ባለ 45

ቀጥተኛው ስለ ሻንጣው ያለው ልክ ነው፣ ኤልፒ60ኤክሱ ላይ ግን አልስማማም። ወይም ግማሹን ብቻ ነው የምስማማው። የእማዬ እጅ ባይኖርበት ኖሮ ጭራሽ አልስማማም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው ሸክላ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ከጀመረ በኋላና ሌሎቹ ሸክላ አሳታሚዎች እነ ካይፋም ተከትለው ካሴት እስኪመጣ ድረስ የወጡት ሸክላዎች ቡና ቤት ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ቤት ውስጥ ደጋግመው የተጫወቱ ናቸው። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረም ውጭ አገር ተልከው ነው የሚታተሙት። የኅትመቱ ጥራት ከመጀመሪያውም አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። እንዲህ ዓይነት ሸክላ ላይ ከማጫወቻው ስም በላይ ወሳኙ መርፌው ነው። ሰው ይሄን ነው የማይሰማው። ስለ ሞተር፣ ስለ እንጨቱ ቀለም ሲከራከር ይውላል፣ ድምፁን የሚያወጣው ግን ጫፉ ላይ ያለችው ነጥብ የምታህል አልማዝ ናት።

ክቡ መርፌ የመስመሩን ግድግዳ በአንድ ቦታ ይነካዋል፣ ሞላላው በሌላ ቦታ። የድሮ ከባድ መርፌ አንዱን ቦታ በልቶት ከሆነ፣ ቅርፁን ስትቀይሪ ያልተበላውን ክፍል ልታገኚ ትችላለሽ። አንዱ መርፌ ላይ የሚጮኸውና ፊደሉ "ስስስ" እያለ የሚቃጠለው ሸክላ ሌላው ላይ ረጋ ብሎ ሲዘፍን ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው መርፌው የሚቀያየርበት ነገር ያዢ የምለው። የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ መርፌው የሚሰካበት ክፍል) ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፣ አካሉ አንድ ሆኖ ክቡም፣ ሞላላውም፣ ከዚያ በላይ ያሉትም መርፌዎች ይገቡበታል። ለ78 ሸክላ የሚሆነው ሰፊ መርፌም አለው። ይሄ ካርትሪጅ ኤልፒ120ኤክስ የሚባለው ማጫወቻ ላይ ተገጥሞ ነው የሚመጣው፣ እሱ ግን ከ350 እስከ 400 ዶላር ይሄዳል፣ ስፒከሩን ሳይጨምር። ክንዱም በእጅ ነው የሚነሳው። ፍሉዋንስ አርቲ82 300 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጥሩ ኦርቶፎን መርፌ አለው፣ ግን ፕሪአምፕ የለውም።

ፕሪአምፕ ለማታውቁ፦ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ስታጫውቱት መልሶ የሚያስተካክለው ፕሪአምፑ ነው። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ያለ ፕሪአምፕ ስፒከር ላይ ከሰካችሁት ድምፁ የራቀና የቀጠነ ይሆናል፣ ቤዙ የት ገባ ትላላችሁ። ስለዚህ "ፕሪአምፕ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለው የእሱንም ዋጋ ደምሩ።

ጋሽ ሸክላ

ልጄ፣ እናትሽ ልብሷን ቀንሳ ሸክላ የምታመጣ ሴት ከሆነች አንቺ ታድለሻል።

እኔ ደግሞ አዲሱን ሁሉ ተዪውና ያገለገለ ፈልጊ ባይ ነኝ። በፈረንጆቹ የ70ዎቹና የ80ዎቹ የጃፓን ማጫወቻ፣ ቴክኒክስ፣ ፓዮነር፣ ኬንውድ፣ ዴኖን፣ ዛሬ በ300 ዶላር የሚሸጠውን ፕላስቲክ በክብደቱም በድምፁም ያስንቀዋል። እዚያ አሜሪካ ሰው ቤት ሲለቅ በ100 ዶላር አካባቢ አውጥቶ ይሸጠዋል። ታዋቂውን ቴክኒክስ 1200 ግን አትመኚው። ዲጄዎቹ ዋጋውን ሰማይ ሰቅለውታል።

ስትገዢ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። "ይሠራል፣ መሞከሪያ ግን የለኝም" ያለሽን ሰው አመስግነሽ ተሰናበቺው። ሸክላ ይዘሽ ሂጂ፣ ከካርቶኑ ሳይሆን ጉዳት የማያሳስብሽን። ሳህኑን በጣትሽ አሽከርክሪና ጆሮሽን ጠጋ አድርጊ፣ ማንጓጓት የለበትም። ክንዱን በቀስታ ወደ ጎን ስትገፊው የሆነ ቦታ ላይ ያዝ የሚያደርግሽ ከሆነ መሸከሚያው ተበላሽቷል፣ ያንን ማሠራት ከገዛሽበት ዋጋ ይበልጣል። ጎማው ቺንጊያ ቀልጦ ሬንጅ ሆኖ ልታገኚው ትችላለሽ፣ እሱ አያስደንግጥሽ፣ በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይገባለታል። አውቶማቲክ የሆኑት ላይ ደግሞ ውስጡ ያለው ግራሶ ይደርቅና ክንዱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ይሄም ይጠገናል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። መርፌውን አሮጌ ነው ብለሽ ቁጠሪው፣ ሻጩ "አሁን ነው የተቀየረ" ቢልሽም።

ሌላው፣ ሸክላው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ የሚባል ነገር አለ። በእኛ ጊዜ የማያደርገው አልነበረም። እናትሽም ታደርገዋለች፣ ተከታተያት።

ባለ 45

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ለባለሙያ ነው። ልጅቷ ክንድ ሚዛን ማስተካከል የምትችል አይመስለኝም (ይቅርታ እህቴ)።

የክንዱ ነገር ግን ያን ያህል አያስፈራም፣ ለሚያነብ ሌላ ሰው ልጻፈው። የመርፌውን ሽፋን ታወጣለህ። ከኋላ ያለውን ክብ ክብደት እያዞርክ ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ትጠብቃለህ። እዚያ ላይ ክብደቱን ሳትነካ ቁጥር ያለባትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ ታደርጋለህ። ከዚያ ክብደቱንና ቀለበቷን አንድ ላይ እያዞርክ ካርትሪጁ የሚፈልገው ቁጥር ላይ ትቆማለህ። ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው። ሸክላው ሲዘል ሰው በፍርሃት ይቀንሰዋል፣ ያ የባሰ ነው። በጣም የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ እየነጠረ ይገጨዋል።

ሽቦ በጣሽ

ከአዲስ አበባ። የተሰበረ ነገር ጠጋኝ ነኝ፣ ሸክላ ማጫወቻም አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። ሁላችሁም "አዲስ አበባ ይዛው ልትመለስ ትችላለች" የሚለውን ዘላችሁታል። እሱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው።

አሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርትዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው። እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርትዝ። ሰው ቮልቱን ብቻ ያስብና ትራንስፎርመር ገዝቶ ይገላገላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኸርትዙን ግን አይነካውም። ብዙ የድሮ ባለ ቺንጊያ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከግድግዳው ኸርትዝ ነው። ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ከስድስት እጁ አንዱ ይጠፋል። 45 የነበረው 37 ተኩል ይሆናል፣ የኤልፒዎቹ 33 ወደ 28 ይወርዳል። ድምፁ ሦስት ግማሽ እርከን ያህል ይወፍራል። አንድ ደንበኛ "ማጫወቻው አርጅቷል መሰለኝ፣ ይጎትታል" ብሎ አመጣልኝ፣ ጉራጌኛው ትዝታ ሆኖ ነበር የሚጫወተው። ማሽኑ ጤነኛ ነው። መፍትሔው ውስጡ ያለችውን ቺንጊያ የምትዞርባትን ትንሽ ፑሌጃ ለ50 ኸርትዝ በተሠራችው መቀየር ነው። ለአንዳንዶቹ፣ ለነ ዱአል ለምሳሌ፣ የተሠራች አለች። ለሌሎቹ ቶርኖ ቤት ማስወጣት ነው።

ስለዚህ ጋሽ ሸክላ ያሉትን ያገለገለ ከገዛሽ አሜሪካ ይቅር። ወደዚህ የሚመጣ ከሆነ በአዳፕተር የሚሠራ፣ ሞተሩ በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሆነ ይሁን። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። "ኢንፑት 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርትዝ" ካለ ሶኬቱን ብቻ ቀይራ ትጠቀማለች። 120 ብቻ ካለ ደግሞ ውጤቱ ያው የሆነ፣ በቮልትም በአምፔርም የሚመሳሰል አዳፕተር እዚህ እናገኝላታለን፣ ውድ አይደለም። ስፒከሩንም እንደዚሁ ከጀርባው እይው። እሱ 120 ብቻ ሆኖ 220 ላይ ከተሰካ ጭስ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ለሚፈጠረው ችግር ደግሞ ስታቢላይዘር ይኑራት። እሱን እሷም ታውቀዋለች።

የእማዬ ልጅ

ኧረ ተባረኩ። ኸርትዝ የሚባል ነገር አስቤው አላውቅም ነበር።

ወደ ኤልፒ60ኤክሱ እያዘነበልኩ ነው፣ በእማዬ እጅ ምክንያት። ግን ባለ 45 ያለው አሳሰበኝ። መርፌው አይቀየርም ማለት ነው? ደግሞ አንዳንዶቹ ሸክላዎች መሀላቸው ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ እነሱስ? ጋሼ፣ ሳንቲሙን በተመለከተ ጠየቅኳት፣ ሳቀች እንጂ አልካደችም።

ባለ 45

ይቀየራል። ያላልኩት ነገር እንዳይገባሽ። መርፌው ስታልቅ ነቅለሽ አዲስ ታስገቢያለሽ፣ ኤቲኤን3600ኤል ይባላል፣ ርካሽ ነው። የማይቀየረው ካርትሪጁ ራሱ ነው፣ ስለዚህ የመርፌ ዓይነት ምርጫሽ ጠባብ ነው። ጭነቱም ፋብሪካው ላይ የተወሰነ ነው፣ ወደ 3 ግራም። ከቪኤም95 ይከብዳል፣ ከሻንጣው ግን በጣም ይሻላል። መርፌዋ ክብ ናት፣ እውነቱን ለመናገር ለተበላና ለተጫረ ባለ 45 ክቧ አትከፋም፣ ጭርጭርታውን ያን ያህል አጉልታ አታሳይም። ለእማዬ ከሆነ ዓይንሽን ሳታሺ ግዢው። አንቺ ራስሽ ከተለከፍሽበት ያኔ ሌላ እናወራለን።

ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው መሀል ላይ የምትገባ ክብ ፕላስቲክ አብራው ትመጣለች። ከሳጥኑ ስታወጪ አትጣያት፣ ሰው እንደ ማሸጊያ ቆጥሮ ይጥላታል።

ሲገለበጥ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ብዙዎቹ ባለ 45ዎች በሞኖ የተቀረጹ ናቸው። ኦዳሲቲ ውስጥ ግራና ቀኙን አንድ አድርጊያቸው። ዘፈኑ ሁለቱም ላይ አንድ ስለሆነ አይጎዳም፣ ጭርጭርታው ግን ግማሽ ያህሉ ይዋጣል። ከዚያ በፊት "ድምፅ ማጥሪያ" የሚለውን ከነካሽ የሳክስፎኑን እስትንፋስ አብሮ ይወስደዋል፣ ተዪው።

ቀጥተኛው

ገና ሳትገዢ አጠባው ላይ ጀምሪ። ያ የጋዜጣ አቧራ ያለበትን ሸክላ በአዲስ መርፌ እንዳታጫውቺ፣ አሸዋ ነው። የተጣራ ውሃ (ከሱፐርማርኬት ዲስቲልድ የሚለውን)፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ማይክሮፋይበር። በመስመሩ አቅጣጫ ዙሪያውን ጥረጊ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አትፈትጊ። መሀሉን ወረቀት አታርጥቢው፣ ስሙ የተጻፈበት እሱ ነው፣ ከለቀቀ አለቀ። በንጹህ የተጣራ ውሃ ደግመሽ አቁመሽ አድርቂ። ፀሐይ ላይ አይሆንም፣ ይጣመማል። አዲስ የወረቀት ሽፋን በብዛት ርካሽ ነው፣ ጋዜጣውን ጣይው።

ጋሽ ሸክላ

ጋዜጣውን አትጣይ። ቀኑን እይው መጀመሪያ።

ደግሞ ከካርቶኑ ውስጥ ከባድና ወፍራም፣ ቢወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበር ሸክላ ካለ እሱ የ78 ነው። በአልኮል እንዳትነኪው፣ ይሟሟል። ያ ማጫወቻም አያጫውተውም፣ 33ና 45 ብቻ ነው ያለው። ለይተሽ አቁመሽ አስቀምጪው። እርስ በርስ አትደራርቢያቸው፣ ባለ 45ዎቹንም ቢሆን።

የእማዬ ልጅ

አዘዝኩት! የዩኤስቢው ዓይነት፣ ጥቁሩ። ስፒከሩም ያ ኤዲፋየሩ። ከነታክሱ ከ350 ትንሽ አለፈ፣ ንቅንቅ አልልም ያልኩት ቀረ። ወፍራም ሸክላ ሦስት ተገኝቷል ጋሼ፣ አንዱ ጫፉ ተፈንክቷል። ጋዜጣው አዲስ ዘመን ነው፣ እማዬ ሸክላውን ትታ እሱን እያነበበች ነው።

ሽቦ በጣሽ

አሪፍ። ሲደርስሽ ከጀርባው "ፎኖ" እና "ላይን" የምትል ትንሽ ማብሪያ አለች። ያንቺ ስፒከር ፕሪአምፕ ስለሌለው ማጫወቻው ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ እንዲሠራ "ላይን" ላይ አድርጊያት። ድምፁ አነሰ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ግማሹ እሷን ረስቷት ነው። ስፒከሩን ማጫወቻው ካለበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፣ እንደ ሻንጣው ይሆንብሻል። የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት የሚሆነውን እፈልጋለሁ።